ከጠጠር ወደ አስፋልት፤ ራሊ በወረታ ቢታሰብስ?

ለራሊ ቡድን አስፋልት ከጠጠር ይቀላል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሸውዷል። መኪናውን ሳይለውጡ መግባት በሳር ሜዳ ታኬታ አርቴፊሻል ሜዳ ላይ እንደ መጫወት ነው። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ጠጠር ላይ በ15 ኢንች ቸርኬ የሚነዳው መኪና፣ አስፋልት ሲሆን 18 ኢንች ይገጠምለታል። ትልቅ ፍሬን ይገባለታል፣ ዝቅ ይላል፣ ሞላውም ይጠነክራል።

ወረታ ለዚህ ጥሩ ፈተና ናት። የባህር ዳር–ጎንደር አስፋልት ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚወስደው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። የፎገራ ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ረጅም ማርሽ ይፈልጋል፤ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፍ ግን ዳገትና ኩርባ ይጠብቃል። ለአንዱ የተዘጋጀ መኪና በሌላው ይቸገራል።

ዋናው ጠላት ግን ዋልካው ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ከሩዝ ማሳ የሚወጣ ከብትና ትራክተር ጭቃውን አስፋልቱ ላይ ይተወዋል። የአስፋልት ጎማ እዚያ ላይ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ነው። ለዚህም ነው በአስፋልት ራሊ ቡድኖች ከውድድሩ በፊት ጭቃ ያለበትን ቦታ የሚመዘግብ ቅድመ ቃኚ የሚልኩት።

ኬንያ ሳፋሪ ራሊን በ2021 እ.ኤ.አ. ከ19 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳለች። በአማራ ክልል ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ተቀስቅሷል። ገበሬው ሩዙን፣ በሽተኛው ሐኪም ቤቱን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከጎማ ምርጫ በፊት ሰላም፣ ከሰዓት ቆጣሪው በፊትም የነዋሪው ፈቃድ ይቀድማል።