ከክርክር አዳራሽ ወደ መማሪያ ክፍል፦ የቦምቤይ ተማሪዎች ማኅበር ሲመዘን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቋቋሙ የተማሪዎች የክርክርና የሥነ ጽሑፍ ማኅበራት ብዙውን ጊዜ የሚዘከሩት ባፈሯቸው ፖለቲከኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 የተመሠረተው የኦክስፎርድ የተማሪዎች የክርክር ማኅበር ሲነሣ፣ በ1830 ፕሬዚዳንቱ የነበረውና በኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ግላድስቶን አብሮ ይነሣል። ይህ መመዘኛ ግን ጠባብ ነው ባይ ነኝ። ማኅበሩ ማንን አሳደገ ከሚለው ይልቅ፣ በአዳራሹ የተነገረው ቃል ወዴት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስረዳል።

ለዚህ አብነት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1848 በቦምቤይ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ የኤልፊንስተን ተቋም ተማሪዎችና ወጣት መምህራን ያቋቋሙት የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ማኅበር ነው። አባላቱ ጽሑፍ እያቀረቡ በእንግሊዝኛ ይወያዩ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ አልተወሰኑም፤ በጉጃራቲና በማራቲ ቋንቋዎች የሚሠሩ ቅርንጫፎችንም መሠረቱ። ስለ ልጃገረዶች ትምህርት የተደረገው ውይይትም በቃል ብቻ አልቀረም። በ1849 ማኅበሩ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ከአባላቱም መካከል ያለ ደመወዝ ያስተማሩ ነበሩ። ከማኅበሩ ግንባር ቀደም አባላት አንዱ የነበረው ዳዳብሃይ ናኦሮጂ በ1892 ለብሪታንያ ፓርላማ ተመርጧል። በግላድስቶን ሚዛን ቢለካ የማኅበሩ ፍሬ ይህ ምርጫ በሆነ ነበር። እንደ እኔ እምነት ግን ትልቁ ፍሬ ከ43 ዓመታት በፊት የተከፈቱት የመማሪያ ክፍሎች ናቸው።

አባላቱ በቅኝ ገዥው ሥርዓት ውስጥ የተማሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሴቶችም የትምህርቱ ተቀባዮች እንጂ የውይይቱ ተካፋዮች አልነበሩም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወቀሳው እውነትነት አለው። የቋንቋውን እርምጃ ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ጥበት ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚወያይ ማኅበር ሐሳቡን የሚፈትንለት ሰው የሚያገኘው ከመሰሎቹ መካከል ብቻ ነው። ሐሳቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲቀርብ ግን ወላጁም ነጋዴውም ሊሞግተው ይችላል። ወላጆች ካላመኑበት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ተማሪ አይኖረውም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራትን የሚያጠና ተመራማሪ የእንግሊዝኛውን መዝገብ ብቻ ካነበበ፣ የአውሮፓ ክበብ ግልባጭ ያየ ይመስለዋል፤ ክርክሩ ከኅብረተሰቡ ጋር የተገናኘበት ስፍራ ያመልጠዋል። ሁለተኛው እኛን ይመለከታል። በአገራችን አብዛኛው የድኅረ ምረቃ ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእንግሊዝኛ ይገመገማል። ስለ አርሶ አደሩ የተደረሰበት መደምደሚያ አርሶ አደሩ በማይሰማው ቋንቋ ሲጸድቅ፣ ስሕተቱን ሊያርም የሚችለው ዋነኛው ምስክር ሳይጠየቅ ይቀራል።

ስለሆነም የትምህርት ክፍሎች ከመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ በፊት አንድ መድረክ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ተማሪው ግኝቱን ጥናቱ በተካሄደበት ኅብረተሰብ ቋንቋ ያቅርብ፤ የተነሡት ጥያቄዎችና የሰጠው ምላሽም የጽሑፉ አባሪ ይሁኑ። ያን ጊዜ ገምጋሚዎች ሥራው በምሁራን ፊት መጽናቱን ብቻ ሳይሆን፣ በሚናገርላቸው ሰዎች ፊት መቆም መቻሉንም ለማየት ይችላሉ።