እምነት የግል፣ ትንፋሽ የጋራ

በኮቪድ ዘመን የአሜሪካ አሠሪዎች ክትባትን ግዴታ ሲያደርጉ፣ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ያመለከተ ሁሉ ይታለፍ የሚል አስተሳሰብ ገነነ። ለህሊና ነፃነት መቆርቆር ይመስላል። ሲመረመር ግን ሃይማኖትን ያረክሳል፤ በሽተኛንም ያጋልጣል።

መነሻው በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አሠሪ ሥራው ክፉኛ እስካልተጎዳ ድረስ የሠራተኛውን እምነት እንዲያከብር ያዝዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችውን ሳይሆን ግለሰቡ ከልቡ ማመኑን ነው። ስለዚህ ቫቲካን በ2020 መጨረሻ ክትባቱን መውሰድ ነውር እንደሌለበት ካስታወቀች በኋላም፣ ካቶሊኩ ሠራተኛ በእምነቱ ስም እምቢ ማለት ይችላል። የልቡን እውነት ማን ይመዝን? የሰው ኃይል ኃላፊው! ትናንት የዓመት ፈቃድ ሲፈርም የዋለ ሰው ዛሬ ልብና ኩላሊት መርማሪ ሆነ።

በ2021 አንድ የአርካንሳስ ሆስፒታል፣ ክትባቱ በውርጃ ከተገኘ ፅንስ በመነጨ የሕዋስ ዘር ተፈትኗል ብለው ለተቃወሙ ሠራተኞቹ፣ እንደ ሕመም ማስታገሻው ታይለኖል ያሉትንም መድኃኒቶች በዚሁ ምክንያት እንደማይወስዱ የሚያረጋግጥ ቅጽ አቀረበላቸው። ብልሃቱ ያስቃል፤ ግን ማንን ያጠምዳል? ዋሾ ዓይኑን ሳያሽ ይፈርማል፤ ብዕሩን ይዞ የሚጨነቀው ሐቀኛው ነው።

«በእምነትና በእንጀራ መካከል አታስመርጡን» የሚለው አቤቱታ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጿሚ ረሃቡን የሚራበው ራሱ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ያልተከተበ ሠራተኛ ለህሊናው የሚከፍለውን ዋጋ ግን አልጋ ላይ የተኙትም ይጋሩታል። በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ክትባቱ መተላለፍን ሙሉ በሙሉ አያግድም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ይህ ግን ግዴታውን የሚሞግት ክርክር እንጂ ለአማኝ ብቻ በር የሚከፍት አይደለም።

የኒው ዮርክ ግዛት በ2021 ለጤና ሠራተኞች ያወጣው ደንብ የተሻለ ነበር። ክትባቱ ጤናውን የሚጎዳውን ሠራተኛ ብቻ ነፃ አደረገ፤ የማንንም ነፍስ አልመረመረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ደንቡን እንዲያግድ ቢጠየቅ አላገደም። መለኪያው የሥራው ጠባይ ይሁን። ግዴታው ለበሽተኛው ደኅንነት የሚያስፈልግ ከሆነ ማንም ስላመነ አይዝለለው፤ የማያስፈልግ ከሆነም ማንም ስላላመነ አይገደድ።