ድንኳኑ ሲነሳ

መቼም የእኛ ልብ ወለድ እብድ ይወዳል፡፡ ቡቱቶ ያለብሰውና ገበያ መሀል አቁሞ ማንም የማይደፍረውን እውነት ያናግረዋል፡፡ ሰውዬው በምን እንዳበደ ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም፡፡

የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» (በፈረንጆቹ 2008) ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ፡፡ ጀርመን ሀገር የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ጣና አቅራቢያ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል፡፡ ሌሊት ይቃዣል፡፡ ያለፈው ነገር ቁርጥራጭ እየሆነ ይመጣበታል፡፡ ጋኔን ነው ተብሎ ጠበል ይወሰዳል፡፡ እናቱ ትሳሳለታለች፤ ያየውን የሚነግረው ሰው ግን የለም፡፡ በሰው ተከቦ ብቻ መሆን ይሉሃል ይሄ ነው! ትንሽ ሰው ሰው ማለት የሚጀምረው መንደሩ ያገለላትን አዛኑን ሲጠጋ፣ ኋላም ልጆች ሲያስተምር ነው፡፡ ያም ሆኖ ፊልሙ «ዳነ» ብሎ እልል አይልም፡፡

ሶዶ ተቀምጬ ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም፡፡ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎረቤታችን ጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ሌላ ናዳ ቀበራቸው፡፡ የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነው፡፡ አንድ ቀን ይህን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም፡፡ የምፈራው የተረፈችውን እናት ምዕራፍ ሁለት ላይ አሳብዶ መጨረሻው ላይ ድሮ የሚድራትን ደራሲ ነው፡፡ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነስቶ፣ ማታ ቤቷን ስትዘጋ ከማን ጋር ታወራለች? እኔ ማንበብ የምፈልገው ያችን ማታ ነው፡፡