«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት አይደለም

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ወባ የሚበረታበት ጊዜ። አጎቴን ትኩሳት ያዛቸውና ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ደማቸው ታየ፤ ወባ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም ኮአርተም የሚባለውን ኪኒን ሰጣቸው።

«አባባ፣ አራቱን አሁን ይዋጡ። ሌላውን አራት ከስምንት ሰዓት በኋላ። ነገና ከነገ ወዲያ ደግሞ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት። ገባዎት?» አላቸው።

«እሺ ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉና ወጣን።

ያን ጊዜ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነበር። ሐኪሙ 8 ሰዓት ቆጥረው ማታ 1 ሰዓት ላይ ይዋጡ ማለቱ ነው። አጎቴ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ማለቱ መሰላቸው። በ3 ሰዓት ውስጥ 8 ኪኒን ዋጡ! ጥፋቱ የማን ነው? ሐኪሙ ያለው ልክ ነው። አጎቴም የሰሙት አማርኛ ነው። ቃሉ ራሱ ሁለት መንገድ አለው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። «ድኛለሁ» ብለው የተረፈውን 8 ኪኒን በጨርቅ ቋጥረው ለክፉ ቀን አስቀመጡት። ለትልቅ ሰው የሚታዘዘው 24 ኪኒን ነው፤ በ3 ቀን ተውጦ ያልቃል። ትኩሳቱ ቢለቅም ማለቅ አለበት። ይህን የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። አንድ ወር ሳይሞላ ወባው ተነሣባቸው። በቃሬዛ ተሸክመን ወሰድናቸው። ተርፈዋል፤ ግን በሬዎቹ ቆመው እሳቸው ተኝተው የከረሙበት ጊዜ ለቤቱ ከባድ ነበር።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላል ያገራችን ሰው። ለጎረቤት ነገር፣ ለሽምግልና መልካም ነው። በሐኪም ፊት ግን ይህ እሺ ብዙ ሰው ይጎዳል። እሺ የምንለው ሁልጊዜ ስለገባን አይደለም። ስለምናከብር ነው። ነጩን ጋዋን ስለምንፈራ ነው። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ነው። አንዳንዴም «ይሄ ባላገር አይገባውም» እንዳንባል ነው።

ስለዚህ ለሐኪሞች አንድ ቃል አለኝ። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁን። መልሱ የታወቀ ነው። ይልቅ «እቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል? እስቲ ለኔ ይንገሩኝ» በሉን። ያን ጊዜ የጎደለው ይታያል። አጎቴ እንዲህ ተጠይቀው ቢሆን «ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ» ይሉ ነበር፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረም ነበር። ሰልፉ ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ነው። ግን በቃሬዛ የተመለሰ ሰው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ደግሞ ሳንጨርስ አታቋርጡን። ገበሬ «ልቤን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው። «የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» ማለት ይበቃል። ደረት የሚደመጥበትን ማዳመጫ ላኔክ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም በ1816 እ.ኤ.አ. ሠራው። አፍን ለመስማት ግን መሣሪያ አያስፈልግም።

እኛስ? እኛም ንጹሕ አይደለንም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እንተርታለን፤ ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን እንሸሽጋለን። የጠጣነውን ሥራሥር አንናገርም። ሳሉ ከወር በላይ ሆኖት «ትናንት ብርድ መታኝ» እንላለን። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል እኮ አክታው መመርመር አለበት፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚያውቀው የነገርነውን ነው። ሐሰት ነግረነው እውነተኛ መድኃኒት ከየት ያመጣል?

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ብልሃት አላችሁ። ከቤት ሳትወጡ በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። የት ያማል? ከመቼ ጀምሮ? ምን ተወሰደ? ሰው ፊት ስንቀርብ እንረሳለን፤ ወረቀት አይረሳም። ስትወጡም «ሰዓቱን ጻፉልኝ» በሉ። «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም። የሐኪም ጽሑፍ አልነበብ ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ያርማችሁ። ነውር የለውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጤና ኬላው ወደ ደጃችን ቀርቧል። ሠራተኞቹም የኛው ልጆች ናቸው፤ ለመጠየቅ አያስፈሩም። ባለፈው በእኛ ቀበሌ ጤና ኬላ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አዝላ መጣች። ሠራተኛዋ ለምለም የሚባለውን ዱቄት ሰጠቻት። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ከበዛም አይጠቅመውም።

«በሦስት ጠርሙስ ውሃ በጥብጪው፤ በየጊዜው በማንኪያ ስጪው። ያደረውን ድፊው። አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

እናቲቱ አንድ በአንድ መለሰች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣

«እታለም፣ ጠርሙሱ ግን የቢራው ነው ወይስ የአረቄው?» ብላ ጠየቀች።

ሠራተኛዋ ደነገጠች። የቢራው ጠርሙስ 3 ጊዜ ሲሞላ 1 ሊትር ያህላል። የአረቄው ግን ትልቅ ነው፤ በዚያ 3 ጊዜ ቢሰፈር ዱቄቱ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ብቻ ይሆን ነበር። «የቢራው፣ የቢራው!» አለች። ይህንኑ ስንት እናት ሳትጠይቅ ይዛ እንደሄደች እንጃ።

ሰሞኑን ደግሜ ስሄድ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።