«ይሠራል አይደል?» አትበሉኝ

ሰሞኑን የመኪናዬን የኋላ ስፒከር አስቀየርኩ። «ለስፒከር ይሄን ያህል ይጻፋል ወይ?» የሚል ካለ ማለፍ ይችላል፣ አልቀየምም። አውቶ ኤሌክትሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጽሑፉ እናንተን ነው የሚመለከተው። ቁጣም አለበት፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዬን ታውቋታላችሁ፤ ያቺው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ናት። ከኋላ መስታወት ሥር በግራ በኩል ቤዝ በመጣ ቁጥር የሚንጫጫ ነገር አለ። ጊዜ ስላልነበረኝ ቴፕና ስፒከር የሚገጥሙበት አንድ ሱቅ ወሰድኳት። የሚሠራው ልጅ ቀና ብሎ ሲያየኝ «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። የራሴ ተማሪ! ደስ ብሎኝ ቁልፉን ሰጥቼው ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ሥራው አልቋል። ሁለት ትልልቅ አዲስ ስፒከር ተገጥሟል፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተጽፎበታል። ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የድሮዎቹን ስፒከሮች በፌስታል ይዤ፣ ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። አንድ ቀን ኮረኮንች መንገድ ላይ ቴፑ ድርግም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ፈታሁት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፋብሪካው የሠራው ሶኬት የለም። በፒንሳ ተቆርጦ፣ ሽቦው በእጅ ተጠማዞ፣ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ከመስታወቱ ሥር ያለው ሙቀት የናስትሮውን ሙጫ አቅልጦ አላቆታል።

ሁለተኛ፣ ለአዲሱ ስፒከር ቀዳዳው አልበቃ ሲል ላሜራው ተቆርጧል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ቀለም እንኳ አልተቀባም።

ሦስተኛ፣ የተላጠው ሽቦ እዚያው ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ቦዲ ነክቷል።

አራተኛ፣ በቀኝ በኩል ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ተገላብጧል።

ያበሸቀኝ ግን አምስተኛው ነው። የድሮውን የግራ ስፒከር ከፌስታሉ አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፤ 3.6 ኦም። ባለ 4 ኦም ስፒከር ቴስተር ላይ ከ4 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ኮይሉ ደህና ነው። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ ነካ አደረግኩበት። «ጧ» አለና ወረቀቱ ወደ ውጭ ገፋ። ዙሪያውን በጣቴ ቀስ ብዬ ጫን ጫን አደረግኩት፤ የሚፋቅ ነገር የለም። ምንም አልሆነም እኮ! ታዲያ ሲንጫጫ የከረመው ምን ነበር? የሦስተኛው ፍሬን መብራት ክዳን! አንድ ክሊፑ ተሰብሮ ቤዝ በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ልጁ የቀየረልኝ ያልታመመውን ነው።

ደወልኩለት። በትሕትና አዳመጠኝና፣ «እሺ ቲቸር፣ ግን ሲወጡ ይሠራ ነበር አይደል?» አለኝ።

ይቺ ቃል ናት ይሄን ያጻፈችኝ። «ይሠራል አይደል?» ጋራዥ ስትሄዱ ይቺው፣ ቤት ስታሠሩ ይቺው፣ ቧንቧ ስታስጠግኑ ይቺው። ባለሙያው ከደጅ እስኪወጣ ድረስ መሥራቱ እንደ ሙያ መለኪያ ተይዟል። እኔ ይሄንን አልቀበልም።

እስቲ በሙያው ቋንቋ እንነጋገር። «ነጌቲቭ ቦዲ ቢነካ ምን አለበት?» የምትሉ አላችሁ። በጣም ድሮ በተሠሩ ቴፖች ላይ ያስኬድ ነበር። በአሁኖቹ ቴፖች ግን ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ነው የሚመጡት፣ አንዳቸውም ቦዲ መንካት የለባቸውም። ሲነካ ዕድለኛ ከሆንክ ቴፑ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆንክ አይሲው ይቃጠላል። የተገላበጠው ፖላሪቲም «ይሠራል»። ግን አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል። ደንበኛው «ቤዝ የለውም» ብሎ ሲመለስ ደግሞ የባሰ ትልቅ ስፒከር ይሸጥለታል። «1000 ዋት» የሚለውን ጽሑፍማ ተዉት። «50 ዋት በ4» የሚል ቴፕ እንኳ ያለማቋረጥ የሚሰጠው በአንድ ስፒከር 20 ዋት ገደማ ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ከቴፑ ኃይል አያወጣም።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ ደንበኛው ይቸኩላል፤ አስማሚ ሶኬት ገበያ ላይ የለም።»

ስለ ሶኬቱ ልመልስ። አስማሚ ከጠፋ ከሚወጣው ከአሮጌው ስፒከር ላይ የሽቦ መቀበያውን ፕላስቲክ ንቀሉ። ሁለት አጭር ሽቦ በሶልደር በይዳችሁ ከአዲሱ ስፒከር ጋር አገናኙት። የመኪናው ሶኬት ሳይነካ ሰክቶ ይገባል። አሥር ደቂቃ ነው! ቀዳዳው ካልገጠመ ደግሞ ከኮምፔርሳቶ ቀለበት ቁረጡ። መቆረጥ ያለበት ኮምፔርሳቶው ነው እንጂ የሰው መኪና አይደለም። ሶኬት ደግሞ ሽቦውን ይዞ አይጎተትም፤ ምላሷን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ ነው የሚወጣው። ፒንሳ አያስፈልግም።

ስለ ችኮላውም ልመልስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ባላንሱን ወደ ግራ፣ ፌደሩን ወደ ኋላ አድርጋችሁ አንዱን ስፒከር ብቻ አስጩኹት። በሌላ እጃችሁ መደርደሪያውን፣ ክዳኑን፣ ፕላስቲኩን ጫን ጫን አድርጉ። ጩኸቱ ከቆመ ስፒከሩ ነፃ ነው። ካልቆመ የግራውን ስፒከር ከቀኙ አቀያይሩት። ጩኸቱ ከስፒከሩ ጋር ከሄደ በሽታው ስፒከሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ መደርደሪያው፣ ሽቦው ወይም ቴፑ ነው። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ፣ ወደ ደንበኞቹ ልምጣ። ልጁ ግማሽ ሰዓት መርምሮ ክሊፑን በአንድ ብሎን ቢያስርልኝና «ቲቸር፣ ስፒከሩ ደህና ነው፣ የምርመራ ይክፈሉኝ» ቢለኝ ምን እል ነበር? በእውነት እንነጋገር። ብዙዎቻችን «ምን ዕቃ ቀየርክና ነው የምከፍልህ?» ነው የምንለው። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለጭንቅላት አንከፍልም። ከዚያ ያልታመመ ዕቃ ሲቀየርብን እናለቅሳለን። ልጆቹን ዕቃ ቀያሪ ያደረግናቸው እኛው ነን።

እኔም አላመልጥም። የኦምን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጬአችኋለሁ። ለሲኦሲ ፈተና አዘጋጅቻችኋለሁ፣ አብዛኞቻችሁም አልፋችኋል። ሶኬት እንዴት እንደሚነቀል ግን በእያንዳንዳችሁ እጅ አስይዤ አላሳየሁም። የልምምድ መኪናዋ አንድ፣ እናንተ ብዙ ነበራችሁ። ከፊት የቆመው ነካ፣ ከኋላ የቆመው አየ፣ ከዚያ ፈረምኩላችሁ። ያ ፊርማ ሰሞኑን ናስትሮ ተጠቅልሎበት በገዛ መኪናዬ ውስጥ አገኘሁት።

«ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» የሚለኝም አይጠፋም። አሮጌ ስለሆነች ነዋ! በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እስካሁን የገቡት ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ በታክሲነት እንጀራ ያበላሉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ዛሬ የቆረጥከው ሶኬት ነገ ከየት ይመጣል? ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሽቦው ያልተቆራረጠ ሶኬት ስትፈልጉ ይገባችኋል። ያቺ መኪና ከአንተ በፊት በአንድ ሰው እጅ አልፋለች፣ ከአንተም በኋላ ሌላ ሰው ይከፍታታል። እዚያ ውስጥ የምትተወው የተጠማዘዘ ሽቦ ለዚያ ሰው የጻፍከው ደብዳቤ ነው። አንብቦ ስለ አንተም፣ ስላስተማረህም ሰው ይፈርዳል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ መልሳችሁ መግጠም የማትችሉትን አትቁረጡ። ስፒከር ይቀየራል፣ ቴፕ ይቀየራል። የተቆረጠ ላሜራና የተቆረጠ ሶኬት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። እናንተ ባለመኪኖች ደግሞ አሮጌውን ዕቃ ሳትቀበሉ አትውጡ፣ «ምኑ ነው የተበላሸው? አሳየኝ» በሉ። ምርመራ ሲሠራላችሁም ክፈሉ።

አንተ ልጅ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ። ስምህን አልጠራሁም፣ አልጠራምም። የግራውን በኩል አስተካክዬ የድሮውን ስፒከር መልሼዋለሁ። የቀኙን ሆን ብዬ አልነካሁትም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ቤት ና፣ አብረን እንፈታዋለን። ፒንሳህን ሱቅ ተወው፣ ቴስተር ብቻ ያዝ። የምርመራህን እከፍልሃለሁ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ መኪናችሁን ስትፈቱ ያገኛችሁትን ጉድ ኮመንት ላይ አምጡት። የባለሙያውን ስም ሳትጠሩ። ደህና ዋሉ።