ጉልቻስ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ስለ ሹም ሽር ሲጠቅሱት አልከራከርም። ወጥ ቤት ይዘውት ሲገቡ ግን አልቀበልም። «ማንደጃ ያው ማንደጃ ነው፤ ርካሹን አንሺ» የሚል አባወራ መካነ ሰላም ገበያ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም ሞልቷል። ይኸው ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ራዲዮ ሲገዛ አስከፍቶ ይሰማል። ጠዋትና ማታ ገንዘቡን ለሚበላ ዕቃ ግን ዓይኑን አይገልጥም።

ርካሽ የሚለው ባዶ የቆርቆሮ ማንደጃ ነው። ቆርቆሮ ሙቀት አያቆይም፤ የከሰሉን ግለት በጎኑ ለአየር ይበትነዋል። ይህ በደጋ ይብሳል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች፤ በዚያ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ91 ወይም በ92 ግድም ይፈላል። ስለዚህ ባቄላውም ሥጋውም ለመብሰል ይዘገያል። ድስቱ በዘገየ ቁጥር ከሰሉ ያልቃል።

መፍትሔው እንግዳ አይደለም። ኬንያውያን በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውን «ጂኮ» አስፋፉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዚያው ዘመድ የሆነችው «ላቀች» አዲስ አበባ ወጣች። ከባዶው ቆርቆሮ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ታድናለች፤ ከአራት ጆንያ አንዱ ተረፈ ማለት ነው። በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት ልማድ አንድ ኪሎ ከሰል ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይፈጃል። እንግዲህ 40 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ ያዳነ ከ200 ኪሎ ያላነሰ እንጨት አዳነ። ስለ ደንቆሮ ጫካ የምንቆረቆር ሁሉ ከሰል ሻጩን ከመርገማችን በፊት የራሳችንን ማንደጃ እንይ።

«ድሃ ከየት ያምጣ?» ይሉኛል። በርካሽ ማንደጃ አብዝቶ የሚከፍለው ድሃው አይደለም ወይ? ጆንያ መግዛት አቅቶት በፌስታል እየቆነጠረ የሚገዛው እሱ ነው። የማንደጃ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የከሰል ዋጋ ግን በየቀኑ።

ሲመርጡ ቀለሙን ይተዉት። ሸክላውን በጣት ያንኳኩ፤ ጥርት ብሎ ካልጮኸ ተሰንጥቋል ወይም በደንብ አልተተኮሰም። ሸክላውና ቆርቆሮው እንዳይላቀቁ ይነቅንቁት። የወንፊቱ ቀዳዳ አመድ ያሳልፍ፤ የአየር በሩ በደንብ ይከፈት፣ ይዘጋም። ድስት ጭነው ይሞክሩት፤ ከተንገዳገደ ልጅ ያቃጥላልና ይለፉት።

«ጭስ የለውም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ግን አይታለሉ። የጋመ ከሰል የማይታይ፣ የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። በብርድ ሌሊት በር ዘግቶ ማንደጃ ታቅፎ የሚተኛን ሰው ላቀችም አታድነውም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ለሠሩት ዕቃ ኃላፊ ይሁኑ፤ ሸክላው በወሩ ቢሰነጠቅ ይለውጡ። አባወራውም ገበያ ከመውጣቱ በፊት እሳቱ ዳር የምትውለውን ባለቤቱን ይጠይቅ። የትኛው ማንደጃ ከሰል እንደሚጨርስ እሷ ታውቃለች፤ ጎደሎዋ ገንዘቡ በእጇ አለመሆኑ ብቻ ነው።