ያለ ደረሳ ዓሊም ከየት ይመጣል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በከተማ ወጣት አንደበት ደጋግመን የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «የድሮ ነገር» የምትል። ደረሳ ሲባል የድሮ ነገር፣ ኪታብ መቅራት ሲባል የድሮ ነገር፣ ሸይኽ ፊት ተንበርክኮ መቀመጥ ሲባል የድሮ ነገር። «ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ምን ገጠር ለገጠር ያንከራትተናል?» ይሉናል። በቆቦና በራያ ቆላ መስጂዶች ኪታብ ይዘን ያደግን ሰዎች ለዚህ መልስ አለን።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ደረሳ ማለት ዒልም ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ተማሪ ነው። ቁርኣኑን ያኸትምና ፊቅህ ይጀምራል። በሻፊዒይ መዝሀብ የሚቀራው ከሰፊና ተነስቶ፣ በአቡ ሹጃዕ አልፎ እስከ ኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ይዘልቃል። ዐረብኛውን በአጅሩሚያ ይከፍትና አንድ ሺህ ያህል ስንኝ ያላትን የኢብኑ ማሊክን አልፊያ በቃሉ ለመያዝ ይታገላል። ከዚያ ተፍሲር፣ ከዚያ ሐዲስ አለ። ሸይኹ ያነባሉ፣ ቃል በቃል ይፈታሉ፤ ደረሳው ይደግማል፤ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ይከልሳል። ጧት ሲጠየቅ ካልመለሰ አዲስ ትምህርት የለም፤ እዚያው ይቆማል። አንዱ ሸይኽ በነሕው፣ ሌላው በፊቅህ፣ ሌላው በተፍሲር ይታወቃሉ። ስለዚህ ደረሳው ኪታቡን አዝሎ ከራያ የጁ፣ ከየጁ ቃሉ፣ ከቃሉ ዳዌ ይሻገራል። ይህ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ እንጀራው ከመንደሩ ሰው እጅ ነው።

አሁን እንጠይቅህ፤ «የገጠር ነገር» ያልከው ይህ ስርዓት ምን እንዳፈራ ታውቃለህ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ በራያ ምድር አና የምትባል የዒልም ቦታ ነበረች። የአናው ሸይኽ ጀማሉዲን ሙሐመድ ስማቸው ከወሎ አልፎ የተሰማ ዓሊም ናቸው። በየጁ ዳና ላይ «ዳኒዩል አወል» የሚባሉት ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም አስቀርተዋል። የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ የሾንኬው ሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር፣ እነዚህ ሁሉ ማስቀራትንና ዚክርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖሩ ሰዎች ናቸው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በዐፄ ዮሐንስ ሲገደድ፣ ገሚሱ ዓሊም ተሰደደ፤ ገሚሱ እንደ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ተነስቶ ተቃወመ። ያን ዘመን ዲናችን እንዴት አለፈው? መስጂድ ይፈርሳል፣ ኪታብም ይቃጠላል። በሰው ደረት ያለ ዒልም ግን ከሰውየው ጋር ይሰደዳል፤ በሄደበትም ይቀራል። በ1961 ዓ.ም የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም የደከሙበት ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅም የመጡት ከዚሁ ከባሕላዊው ቂርኣት ነው። ዛሬ ስልክህ ላይ ከፍተህ የምታነበው የአማርኛ ቁርኣን እንኳ የደረሳ ላብ አለበት።

ስልክን አንጠላም። ሩቅ ያለን ዓሊም ድምፅ ያቀርባል፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ስልክ አይጠይቅህም። ስትሳሳት «ቁም፣ ድገም» አይልህም። ደስ ያለህን ትሰማለህ፣ የከበደህን በጣትህ ታሳልፋለህ። ሸይኽ ግን የከበደህን ነው የሚያስደግሙህ። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ሊጠይቅ በሰው አምሳል ሲመጣ እንዴት ነበር የተቀመጠው? ጉልበቱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉልበት አገናኝቶ። በየጁምዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ሙሳ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ሳለ ዒልም ፍለጋ መንገድ ወጥተዋል፤ ደክመዋልም። ነቢይ ያልቀረለት መንገድ ላንተ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅርልህ?

ደረሳው የሚቀራበት ጀላለይን ራሱ የሰንሰለት ምስክር ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ግማሹን ጽፈው አረፉ፤ ቀሪውን ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ጨረሱት። ስሙም «ሁለቱ ጀላሎች» ሆነ። ዒልም እንዲህ ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ ሲጠፋ ግማሹ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ። ደረሳ ኪታብ ሲገልጥ ዉዱእ አድርጎ ነው። ቆላ አገር ውኃ ሩቅ ነው፤ እሱ ግን ለሸይኹም ለመስጂዱም ውኃ ይቀዳል፤ ኺድማ ነው። ሰው ሲተኛ ለተሀጁድ ይነሳል፤ ከፈጅር በኋላ ዊርዱን ሳይጨርስ አይነሳም። ከኪታቡ እኩል የሚማረው ይህን ነው። ዒባዳ የሌለው ዒልም ምላስ ያረዝማል እንጂ ልብ አያለሰልስም። ማስረጃው ከየኮሜንቱ ሥር አለልህ፤ አንድ ኪታብ ያላኸተመ ልጅ አርባ ዓመት ያስቀሩ ሽማግሌን «ጃሂል»፣ «ሙብተዲዕ» እያለ ይሰድባል። ሐድራ ይሁን አይሁን በሚለው ክርክር ዛሬ አንገባም። ግን በየትኛውም ወገን ብትቆም አያትህን ሰላት ያስተማረው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ልትከራከር ከፈለግህም መጀመሪያ ቅራ።

ይህን ስንል ሌላው ወገን ፈገግ እያለ ይሆናል። እሱም ድርሻው አለው። የድሮ ሸይኾችን ፎቶ እየለጠፈ፣ መንዙማ እየከፈተ የሚያነባ፣ ግን ለአንድ ደረሳ አንድ ጣሳ ማሽላ ሰጥቶ የማያውቅ ስንት አለ! «ድሮ ተርበው ነው የቀሩት፤ በረከቱ ከረሃቡ ነው» ይላል፣ ጠግቦ። አይደለም ወንድማችን! ረሃብ ዒልም አያስተምርም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጥግ ይኖሩ የነበሩትን አህሉ ሱፋን ሶሓቦች ወደ ቤታቸው እየወሰዱ ያበሏቸው ነበር፤ «ተራቡ፣ በረከት ነው» አላሏቸውም። የራያ ገበሬ ከማሽላው ቆርሶ ደረሳን ለዘመናት አኑሯል። ዛሬ በድርቁም በጦርነቱም የገበሬው እጅ አጠረ። የከተማው ነጋዴ እጅ ግን ለምን አጠረ? ለመስጂድ ሚናራ ገንዘብ ሲሰበሰብ የሚሽቀዳደም፣ ከሚናራው ሥር ተኮራምቶ የሚያድረውን ልጅ ለምን አያየውም?

ውጤቱ እዚሁ ዓይናችን ሥር ነው። ኪታብ ያዝል የነበረ የራያ ልጅ ዛሬ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት በረሃና ባሕር ያቋርጣል። አንፈርድበትም፤ ቤቱ ችግር አለ። ነገር ግን ሚንሃጅን ከግማሽ አቋርጦ የሄደ አንድ ደረሳ፣ ነገ ለአንድ ከተማ ኒካሕ የሚያስር፣ ሚራስ የሚያካፍል፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ዓሊም ነበር። ሸይኹ እያረጁ ነው። የያዙትን የሚቀበላቸው ሳያገኙ ወደ አኺራ ከሄዱ፣ ያኔ ሐዘን ቤት ተቀምጠን «ትልቅ ሰው አጣን» ብንል ምን ይረባል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፦ አሥር ሆናችሁ ተሰባሰቡና የአንድ ደረሳ ቀለብ ቻሉ። ደረሳው በር ለበር እንዳይዞር፣ ቀኑን ለኪታቡ እንዲሰጥ።

ሁለተኛ፦ አንድ አጭር ኪታብ ምረጡና ሸይኽ ፊት ተቀምጣችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅሩ። ሰፊና ትበቃለች። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ለሱቅም ለቢሮም ሠራተኛ ይመቻል።

ሦስተኛ፦ እህቶችን አትርሱ። ደረሳነት ለወንድ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ልማድ ነው፤ የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሶሓቦች እየሄዱ የሚጠይቋት ዓሊም ነበረች። ለሴቶች የተለየ ጊዜና ቦታ ያላዘጋጀ መስጂድ ያዘጋጅ።

አራተኛ፦ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችንና በዐጀም የተጻፉ ወረቀቶችን ለነጋዴ አትሽጡ፤ ምስጥም አታብሉ። ስልካችሁ ለዚህ ይጥቀም፦ አንሱ፣ አስቀምጡ፣ ለሸይኹ አሳዩ።

ስልኩን ያዝ፣ ደረሳውንም ያዝ። ሁለቱ አይጣሉም። አንዱን ብቻ ያዝ ካልንህ ግን የቱን እንደምንልህ ታውቃለህ፤ ቻርጅ ሲያልቅ የማይጠፋውን።

አላህ ዑለሞቻችንን በዓፊያ ያቆይልን፤ ያለፉትን ይማርልን፤ ለደረሶቻችን ፈትሕ ይስጥልን፤ ዒልማችንን ከዒባዳ፣ ዒባዳችንን ከኢኽላስ ጋር ያድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።